የሞተር ራስ ማሰሪያ ስታዶች አተካከልና የደሴ–ወልድያ ዳገት



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ይደርሳል፤ ከውርጌሳም መርሳንና ሲሪንቃን ተሻግሮ ወልድያ ይገባል። የመንገዱ ርዝመት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ የመርሳ አካባቢ ግን በ1,600 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከመርሳ በኩል ጭኖ፣ ውርጌሳን አልፎ ወደ ደሴ የሚያቀና መኪና ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። በዚህ ዳገት ላይ የጭነቱንም፣ የሾፌሩንም፣ የተሳፋሪውንም ዕድል አንዳንድ ጊዜ የሚወስነው ከስንዝር የማይበልጥ አንድ የብረት ዘንግ ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚህ ዘንግና ስለ አተካከሉ ይሆናል።

እንደሚታወቀው የሞተር የላይኛው ክዳን፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ የሚባለው፣ ከታችኛው ዋና አካል ከብሎኩ ጋር የሚታሰረው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ራስ ባለው ብሎን ነው። ሁለተኛው ግን ራስ በሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ በተቀረጸበት ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፍ ብሎኩ ውስጥ ይተከላል፣ በሌላው ጫፍ ላይ ሮንዴላና ዳዶ ይገባበታል። ይህ ሁለተኛው ስታድ ይባላል። ጣሊያኖች በቋንቋቸው ፕሪጆኒየሮ ይሉታል፤ ትርጉሙ እስረኛ ማለት ነው። ስያሜው ለሥራው ተስማሚ ነው፤ ዘንጉ ራሱ ታስሮ ሌላውን የሚያስር ነውና።

የጣሊያንኛው ስም መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ የሚሉት የመካኒኮች ቃላት ሁሉ ከጣሊያን ካሚዮኖች ጋር የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን አዲስ አበባን ከደሴና ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘው መንገድ በተሠራ ጊዜ፣ መንገዱና ቃሉ አብረው ገቡ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዱን የመጠበቅ ኃላፊነት ተረከበ። የሞተሩን የመጠበቅ ኃላፊነት ግን የተረከበ አንድ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ በየመንገዱ ዳር ባለው መካኒክና በረዳቱ እጅ ላይ ወደቀ።

ይህ ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለመረዳት 1977 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ የረሃብ ዓመት ከደቡብ በኩል ወደ ቆቦና ወደ ኮረም የተላከው የእርዳታ እህል በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ፣ ውርጌሳን አቋርጦ በዚሁ መንገድ ሄደ። ወደብ የደረሰውን እህል ወደ ተራበው ሰው ለማድረስ ዋና እንቅፋት ከነበሩት ነገሮች አንዱ የካሚዮን እጥረት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ካሚዮን ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሦስት ቀን ቢቆም፣ ነገሩ የመለዋወጫ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና እህል የጫኑ መኪናዎች፣ ሕሙማንን የያዙ አምቡላንሶችና ተሳፋሪ የሞሉ ሚኒባሶች ይመላለሳሉ።

አሁን ወደ ሞያው ፍሬ ነገር እንግባ። ቴስታታን ከብሎክ ለመለየት የሚታገለው ኃይል ምን ያህል ነው? የሲሊንደሩ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር የሆነ የዲዝል ሞተር ይወሰድ። ነዳጁ ሲነድ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊት 130 ባር ቢሆን፣ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 102 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ይኸውም ከ10 ቶን ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። ሞተሩ ባለ አራት ምት ሆኖ በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ይህ የ10 ቶን ጡጫ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ በደቂቃ አንድ ሺህ ጊዜ ያርፋል።

ይህን የሚመክቱት በዙሪያው ያሉ ስታዶች ናቸው። ለአንድ ሲሊንደር አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ስታዶች ቢኖሩና እያንዳንዱ በ52 ኪሎ ኒውተን ኃይል ቢወጠር፣ ጠቅላላ ጭምቀቱ 208 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ከሚገፋው ኃይል ሁለት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ትርፉ ቅንጦት አይደለም፤ ጓርኒሲዮኑ ጋዝ፣ ውሃና ዘይት እንዳያሳልፍ የሚያደርገው ይኸው ትርፍ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ነገር ግን ድሩ አንበሳ የሚያስረው ሁሉም ክሮች እኩል ሲሳቡ ነው። ከአራቱ አንዱ ከላላ የጓርኒሲዮኑ አንድ ወገን ሳይጨመቅ ይቀራል፤ እሳቱም በዚያ በኩል ቀዳዳ ያበጃል።

ከዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ ይጨመራል። በደሴ ከፍታ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር የሚይዝ ደኅና ክዳን ከሆነ የመፍላቱ ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ክዳኑ ካረጀ ወይም በጨርቅ ከተተካ ግን ሾፌሩ ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠባበቂያ ያጣል። በዚያ ላይ በዚሁ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ፣ ራዲያተሩን የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ይቀንሳል። ዳገቱ ሞተሩን አብዝቶ በሚያሠራበት ሰዓት አየሩ የሚሰጠው እርዳታ ያንሳል ማለት ነው።

ሙቀት ስታዱን እንዴት ይጎዳዋል? ብዙዎቹ የዛሬ ቴስታታዎች ከአልሙኒየም የተሠሩ ናቸው። አልሙኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው ከብረት ስታዱ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቴስታታ በ80 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከስታዱ ይልቅ 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል አብልጦ ያድጋል። ይህ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን 120 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ስታድ በ52 ኪሎ ኒውተን ሲወጠር ጠቅላላ የሚለጠጠው ከሩብ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ሙቀቱ የውጥረቱን ሲሶ ያህል ሊጨምርበት ይችላል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ ጓርኒሲዮኑ በዚህ ጭምቀት ይደቃል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። የደቀቀው 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስታዱ ከውጥረቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። አንድ ጊዜ ያፈላ መኪና ደጋግሞ የሚያፈላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት፣ ስታድ ምሰሶ ሳይሆን ጅማት መሆኑ ነው። ሥራውን የሚሠራው በመለጠጥ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ለረጅም ዘመን የታወቀችው የቮልስዋገን ትንሿ መኪና ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አካሉ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቴስታታ ስምንት ረጃጅም ስታዶች አሉት። ቀደም ሲል የነበሩት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ስታዶች ሞተሩ ሲሞቅ ጥርሳቸውን ከለስላሳው ቅይጥ ነቅለው ይወጡ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስታዱን ከማወፈር ይልቅ ወደ 8 ሚሊ ሜትር አቀጠነው፤ ማጥበቂያውንም ከ32 ኒውተን ሜትር ገደማ ወደ 25 ገደማ ዝቅ አደረገው። ቀጭኑ ዘንግ ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ሙቀቱ ያመጣውን ዕድገት አካሉን ሳይነቅል ተሸከመው። ወፍራም ብረት ሁሉ ብርቱ አይደለም።

የስታድ ተከላ ሥርዓት እንግዲህ ከዚህ ባሕርይ ይወለዳል። በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የብሎኩ ቀዳዳ ይጸዳል። የአሮጌ ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ፣ ዝገትና የደረቀ ዘይት በጥርስ ማውጫ ተጠርጎ በአየር ግፊት ይነፋል። ታቹ ዝግ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ፣ ስታዱ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ቀዳዳው ወደ ውሃው መተላለፊያ የሚዘልቅ ከሆነ ግን የስታዱ ጥርስ ማሸጊያ ይቀባል።

ሁለተኛ፣ የብሎኩና የቴስታታው ፊት ይመረመራል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞ በሥሩ የሚያልፈው ክፍተት በስስ የመለኪያ ቅጠል ይለካል። ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ በብዙ ሞተሮች ዘንድ ፊቱ ወደ ሬቲፊካ ይሄዳል። የተጎተተ ጥርስ የቀዳዳውን ከንፈር ቆብ አስመስሎ ከፍ ያደርገዋልና፣ ይህ ከንፈር በቀስታ መሞረድ አለበት።

ሦስተኛ፣ የስታዱ ሻካራ ጥርስ ወደ ብሎኩ፣ ደቃቁ ጥርስ ወደ ዳዶው መሆኑ ይረጋገጣል። ስታዱ ብሎኩ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት በግራጫ ብረት ከስታዱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በአልሙኒየም ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ለሞተሩ የወጣው መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በቀር ስታዱ በጣት ኃይል ብቻ ይገባል። ብዙ መካኒኮች ግን ስታዱን ብሎኩ ውስጥ በረጅም ቁልፍ ያጠብቁታል፤ ይህ ስታዱን ያጣምመዋል፣ የቀዳዳውንም ወለል ይገፋል። የሚያጠብቀው ከላይ ያለው ዳዶ ነው።

አራተኛ፣ ዳዶዎቹ ከመካከል ተጀምረው በተራ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ይጠብቃሉ፤ ለምሳሌ መጀመሪያ በ40 በመቶ፣ ቀጥሎ በ70፣ በመጨረሻም በሙሉ ልክ። ከዳር የጀመረ ሰው የቴስታታውን ሆድ ተነፍቶ እንዲቀር ያደርጋል። በአሮጌ ሞተሮች ጓርኒሲዮኑ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ስለሚሟሽሽ፣ መመሪያው በሚያዘው መሠረት ዳግም ይጠብቃል። በአዳዲስ ሞተሮች ላይ ያሉ፣ በማዕዘን ልክ ተጠምዝዘው እስከ መለጠጥ ወሰን የሚደርሱ ብሎኖች ግን አንድ ጊዜ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ።

አምስተኛውና እጅግ የሚዘነጋው የዘይት ጉዳይ ነው። ቁልፉ ላይ ከሚያርፈው ኃይል ግማሽ ያህሉ በዳዶው መቀመጫ ሰበቃ፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሱ ሰበቃ ይጠፋል፤ ስታዱን በእርግጥ የሚወጥረው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ስታድ በደረቅ ጥርስ 52 ኪሎ ኒውተን ለመወጠር 125 ኒውተን ሜትር ያስፈልገዋል። በዘይት የታሸ ከሆነ ግን 94 ይበቃዋል። ዘይት የቀባ መካኒክ በደረቁ ልክ በ125 ቢያጠብቅ ውጥረቱ ወደ 69 ኪሎ ኒውተን ይወጣል፤ ይህም 10.9 የተሰኘው ደረጃ ያለው ስታድ ሊሸከም ከሚችለው የመጨረሻ ወሰን አፋፍ ነው። ሠራተኛው አላጠፋም፤ ቁጥሩን በትክክል አንብቧል። ያልተነገረው ቁጥሩ ለደረቅ ይሁን ለዘይት መሆኑ ነው።

ቁጥር ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር የሚመጣውን ጣጣ የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ከውርጌሳ ጎረቤት በሆነችው በውጫሌ ስም የሚጠራው ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም፣ አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር ተናገረ፤ ጉዳዩም ዓድዋ ላይ ተፈረደ። በሞተር መመሪያም እንዲሁ አንዱ መጽሐፍ በኪሎ ግራም ሜትር፣ ሌላው በፓውንድ ጫማ፣ ሦስተኛው በኒውተን ሜትር ይጽፋል። 90 ፓውንድ ጫማ ማለት 122 ኒውተን ሜትር ነው። 90ውን እንደ ኒውተን ሜትር የቆጠረ ሰው ስታዱን ከሚገባው በሩብ አላልቶ ይሰደዋል፤ ቴስታታውም ዳገቱ ላይ ይፈርድበታል።

አሁን እንደ ውርጌሳ ባለች የመንገድ ከተማ አንድ የጭነት መኪና ቴስታታው አፍስሶ ቆመ እንበል። ስታዱ ተበጥሷል። ትክክለኛው መለዋወጫ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው። የመኪናው ባለቤት በስልክ ይጣደፋል፤ ጫኙ ዕቃው እንዳይበላሽ ይሰጋል፤ ሾፌሩ በቆመ ቁጥር አበሉ ያልቃል። በዚህ ጊዜ የሚቀርበው ቀላል መፍትሔ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከፌሮ ቁራጭ ስታድ ማስቀረጽ ነው። የተቀረጸው ስታድ ዓይንን ያታልላል፤ ርዝመቱም ጥርሱም ልክ ነው። ነገር ግን ተራ ፌሮ በ400 ሜጋ ፓስካል ግድም መለጠጥ ይጀምራል፤ በ12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ላይ ይህ 34 ኪሎ ኒውተን ያህል ብቻ ነው። የሚፈለገው 52 ነበር። ቁልፉ በተጎተተ ቁጥር ዘንጉ እንደ ሰም ይረዝማል እንጂ አይወጠርም። መኪናው ይነሣል፤ ሜዳውንም ይሄዳል፤ ዳገቱ ላይ ግን ይቆማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ጥገና የተነገረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የመንገድ ዳር መካኒክን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ልምድ ያለው እጅ ዳዶው ሲይዝና ሲለቅ ይሰማዋል፤ ይህ ዕውቀት እንጂ ግምት ብቻ አይደለም። የሞያው መጻሕፍት እንደሚያስረዱት በእጅ ስሜት የጠበቀ ብሎን ውጥረቱ ከታሰበው በ35 በመቶ ሊዛነፍ ሲችል፣ በቶርክ ሬንች የጠበቀውም ጥርሱ ካልተጸዳና ካልተቀባ በ25 በመቶ ይዛነፋል። ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሰፊ አይደለም። ስለዚህ ውድ ቁልፍ ይዞ ቆሻሻ ጥርስ ላይ የሚሠራ ጋራዥ፣ አሮጌ ቁልፍ ይዞ ጥርሱን አጽድቶ፣ ዘይቱን በልክ ቀብቶ፣ ተራውን ጠብቆ ከሚሠራ መካኒክ ላይበልጥ ይችላል። ንጽሕና፣ ቅደም ተከተልና ትዕግሥት በውጭ ምንዛሪ አይገዙም፤ ውርጌሳም ውስጥ አዲስ አበባም ውስጥ ዋጋቸው አንድ ነው።

ቀሪው ግን የማኅበሩ ድርሻ ነው። በመጀመሪያ፣ በሀገሪቱ መንገዶች ላይ በብዛት ለሚታዩት ሞተሮች የስታድና የብሎን ማጥበቂያ ልኮች፣ የማጥበቂያው ቅደም ተከተል ሥዕልና የመለኪያ መቀያየሪያው በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች ሊታተም ይገባል። በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ደረቅ ወይም በዘይት የሚል ቃል መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ የቶርክ ሬንች ልክ በጊዜ ብዛት ይዛባል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የወሎ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዚህ መንገድ ቅርብ ናቸው፤ በዓመት አንድ ቀን የአካባቢው መካኒኮች ቁልፋቸውን አምጥተው የሚያስመረምሩበት ጠረጴዛ ቢያዘጋጁ፣ ተማሪውም ከመካኒኩ የሚማረው አይጠፋም። ሦስተኛ፣ የስታድ ሻጭ ሁሉ 8.8 ወይም 10.9 የሚለው የጥንካሬ ምልክት የሌለበትን ዘንግ ለቴስታታ እንዳይሸጥ፣ ቶርኖ ቤቶችም ከፌሮ ለቴስታታ እንዳይቀርጹ የሞያ ደንብ ሊወጣ ይገባል።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣ መሐንዲስ ስሌቱን በወረቀት ሲጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የመጨረሻው ስሌት ግን የሚሠራው በመንገድ ዳር፣ በዘይት በጨቀየ እጅ፣ ዳዶው የመጨረሻውን ሩብ ዙር በሚዞርበት ሰዓት ነው። ያ እጅ ቁጥሩ እንዲደርሰው መጠበቅ መብቱ ነው፤ ቁጥሩን ማድረስም የዚህ ማኅበር ግዴታ ነው። ገጹ ታትሞ ውርጌሳ በደረሰ ቀን፣ በፌሮ ስታድ የተነሣ ዳገት ላይ የሚቆም መኪና ቁጥር አንድ ይቀንሳል።